ኮባ በሌለበት ከተማ፣ የቅጠል ዳቦ

እሑድ ማታ ነበር። እራት ተበልቶ ሳህን እያጠብኩ ሳለ የቤቱ ትልቋ ልጅ ስልኳን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። «ይህን መሥራት ትችያለሽ?» ብላ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠው የበቆሎ መሸፈኛ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ይዘረጋሉ። ሊጥ በማንኪያ ይቀቡታል፣ መሐሉ ላይ ወጥ የመሰለ ነገር ያደርጋሉ፣ ያጥፉትና እንፋሎት ያለው ድስት ውስጥ ያቆሙታል። ልጅቷ «ታማሌ ይባላል፤ የሜክሲኮ ምግብ ነው» አለችኝ።

እኔን ግን የታየኝ የእናቴ ጓሮ ነው። «አውቀዋለሁ» አልኳት።

ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ውሸት። መብላቱን አውቀዋለሁ። እኛ ቡሬ አካባቢ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ እናቴ ፈልፍላ በወፍጮ ትፈጨውና በራሱ ቅጠል ወይም በኮባ ጠቅልላ ትጋግረዋለች። እኛ ልጆቹ ከምጣዱ ላይ እየተሻማን ነው ያደግነው። መሥራቱን ግን አላውቅም። ከቤት ስወጣ 19 ዓመቴ ነበር። እናቴ «ኮባ ቁረጪ» ስትለኝ ቆርጬ አመጣላታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠሉን ምን እንደምታደርገው ቆሜ አይቼ አላውቅም። ምን አስቸኮለኝ? እናት ሁልጊዜ ያለች ይመስላል።

ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የወጣነው። የእናቶቻችንን እጅ ሳንማር የሰው ማድ ቤት ገባን። ከብሳውን፣ ጀሪሹን፣ መርጉጉን በጥቂት ወር ለመድነው። የቤታችንን ግን «ስመለስ እማራለሁ» ብለን አቆየነው። በዚያ ሳምንት በአንድ ቪዲዮ ምክንያት የደረሰብኝን፣ የተማርኩትንም አሠራር ላካፍላችሁ።

የጁምዓ ጉዳይ

የልጅቷ ጓደኞች የሚመጡት ጁምዓ ነው። የእኔም የዕረፍት ቀን ጁምዓ ነው። ማዳም «በዚህ ሳምንት ትቀሪያለሽ፤ በሌላ ጊዜ ትወጫለሽ» አለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ስባል ዝም እል ነበር። ያ «ሌላ ጊዜ» ደግሞ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

በዚህኛው ቀን ግን አፌ አልተያዘም። «ሐሙስ ማታ ሠርቼ ጨርሼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጁምዓ እንግዶቹ ሲመጡ ሩብ ሰዓት በእንፋሎት ማሞቅ ብቻ ነው» አልኳት። ልጅቷም «አዎ፣ ቪዲዮው ላይም እንዲህ ይላል» ብላ አገዘችኝ። ማዳም ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች።

እህቴ፣ ይህን ስነግርሽ ሁሉም ቤት እንዲህ ይቀላል ለማለት አይደለም። ግን መብቱን እወቂው። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት ሠራተኛዋ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አላት። ችግር ከገጠመሽ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን የሕጉን ስም አላነሣሁም። ሥራውም እንዲሠራ፣ ዕረፍቴም እንዳይቀር የሚያደርግ መላ ይዤ ቀረብኩ። አንዳንዴ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።

ስልክ ወደ ቤት

ሰኞ ማታ ክፍሌ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የበቆሎ እሸት ዳቦ እንዴት ነው የምትሠሪው?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ ልጄ» አለችና ሳቀች። «ሰባት ዓመት ሙሉ ‹ብሩ ደረሰሽ ወይ› ስትይኝ ነው የኖርሽው። ዳቦ ስትጠይቂኝ ይኸ የመጀመሪያሽ ነው።»

ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ።

«ጨው ስንት ማንኪያ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ። እጄ ነው የሚያውቀው።»

«ሊጡስ ምን ያህል ይወፍራል?»

«ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከዳቦ ሊጥ ቀጠን ያለ ነው። በእጅሽ ስታነሺው ቶሎ አይወርድም፤ ግን ይወርዳል።»

«ቅጠሉስ?»

እዚህ ላይ ድምጿ ጠንከር አለ። «ቅጠሉን ሳትለበልቢ እንዳትጠቅልይበት። ጥሬ ቅጠል ይሰነጠቃል። እሳት ላይ ስታሳልፊው ቀለሙ ይጠቁራል፣ ወዝ ያወጣል። ያን ጊዜ እንደ ጨርቅ ይታጠፍልሻል።»

ከዚያ አሁን እሷ ራሷ እንደማትፈጭ ነገረችኝ። ጉልበቷ አስቸግሯታል፤ ወፍጮው ቤት ጥግ ላይ ቆሟል። ያች ዳቦ ለካ ከእኛ ቤት ከጠፋች ሁለት ክረምት አልፏታል። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ስመለስ ተጋግራ የምትጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

የታማሌ ነገር

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ስለ ምግቡ ጥቂት አነበብኩ። ሳነብ የገረመኝ ባዳ አለመሆኑ ነው።

ታማሌ የሚለው ስም የመጣው «ታማሊ» ከሚለው የናዋትል ቋንቋ ቃል ነው። ናዋትል የጥንቶቹ አዝቴኮች ቋንቋ ነው፤ ዛሬም በሜክሲኮ ይነገራል። ትርጉሙ «የተጠቀለለ» ማለት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በርናርዲኖ ዴ ሳአጉን የሚባል የስፔን መነኩሴ የሜክሲኮን ሕዝብ ኑሮ ሲመዘግብ በገበያ የሚሸጡትን የታማሌ ዓይነቶች ጽፎ አስቀምጧል። ስፔኖች ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ የነበረ ምግብ ነው።

የሜክሲኮ ሴቶች በቆሎውን እንዲሁ አይፈጩትም። መጀመሪያ ለምግብ በሚሆን ኖራ ውስጥ ቀቅለው ያሳድሩታል። ኖራው ገለባውን ያላቅቀዋል፤ ሊጡም እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርገዋል። ሌላም ጥቅም አለው። በበቆሎ ውስጥ ተይዞ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ3 ሰውነት እንዲያገኘው ይፈታዋል። በቆሎ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄድ ይህ ዘዴ አብሮት አልሄደም። በጣሊያንና በደቡባዊ አሜሪካ በቆሎን ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆች ቆዳን የሚያቆስልና አእምሮን የሚነካ በሽታ የያዛቸው በዚህ ምክንያት ነው። እህሉ ተሻገረ፤ የእናቶቹ ዕውቀት ግን ቀረ። ይህን ሳነብ ለአፍታ ቆም አልኩ።

የታጠበውን በቆሎ የሚፈጩበት ድንጋይ ደግሞ የኛው ወፍጮ ነው ቢባል ይቀላል። ከሥር ተዳፋት ያለው ሰፊ ድንጋይ፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚገፋ መጅ፤ ሴትየዋ ተንበርክካ ትገፋዋለች። ከዚያ የሚወጣውን ሊጥ «ማሳ» ይሉታል። እኛ ማሳ የምንለው በቆሎው የሚበቅልበትን እርሻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሊጡን።

ታማሌ ብቻን አይሠራም። ሥራው ብዙ ስለሆነ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ተሰብስበው አንዷ ቅጠል ትነክራለች፣ አንዷ ትቀባለች፣ አንዷ ታጥፋለች። ይህን ስብሰባ «ታማላዳ» ይሉታል፤ እኛ ደቦ እንደምንለው። በጃኑዋሪ 6 የሚቆረስ ክብ ዳቦ ውስጥ ትንሽ የሕፃን ምስል ይደብቃሉ። ምስሉ በቁራሹ ውስጥ የወጣለት ሰው በፌብሩዋሪ 2 ታማሌ ያበላል።

ባሕር የተሻገረ እህል

በቆሎ የኛ ይመስለናል። ዛሬ በኢትዮጵያ በምርት መጠን ቀዳሚው እህል እሱ ነው። ግን የተወለደው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ በመርከብ ወደ ሌላው ዓለም ሄደ፤ ወደ አገራችንም ገባ። አባቶቻችን ከየት እንደመጣ አልረሱም። በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ማሽላ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ቅጠሉም የራሱ ታሪክ አለው። ኮባ የምንለው እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በከምባታ ከእንሰት ቆጮና ቡላ ይወጣል፤ ዋና ምግብ ነው። ወደ ሰሜን ስንወጣ ግን ብዙ ቤት በጓሮው ሁለት ሦስት እግር ኮባ የሚተክለው ለቅጠሉ ነው፤ ለዳቦ መጋገሪያ።

ሜክሲኮም ሁለት ቅጠል አላት። በብዙው ክፍል በበቆሎ ቅጠል ይጠቀልላሉ፤ በደቡብ፣ እንደ ዋሃካና ዩካታን ባሉት፣ በሙዝ ቅጠል። ከእሸት በቆሎ የሚሠራም ታማሌ አላቸው። ሚቾዋካን በሚባለው ግዛት «ኡቼፖ» ይሉታል። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ተፈጭቶ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል። የእናቴ ዳቦ እህት ማለት ነው።

ሁሉንም የሚያገናኛቸው ቅጠሉ የሚሠራው ሥራ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፤ ቅጠሉ እንፋሎቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ ሳይደርቅ ሳያር በራሱ እንፋሎት ይበስላል፤ የቅጠሉም ሽታ ይገባበታል። ፎይልም እንፋሎት ይይዛል። ሽታ ግን የለውም።

ሐሙስ ማታ

ማዳም ከሱፐርማርኬት «ማሳ ሃሪና» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዱቄት ይዛ መጣች። እሱ በኖራ ከተዘጋጀ በቆሎ የተፈጨ ነው። የበቆሎ ቅጠል አልተገኘም። እኔም የሙዝ ቅጠል ይሁን አልኩ። ሾፌሩ ሕንዶችና ፊሊፒኖዎች ከሚገበዩበት ሱቅ በበረዶ የደረቀ የሙዝ ቅጠል አመጣልን።

በሜክሲኮ የሚጠቀሙት ስብ የአሳማ ነው። እኛ ቅቤ ከአትክልት ስብ ጋር ቀላቀልንበት። ልጅቷ እጇን ታጥባ አጠገቤ ቆመች። ቅጠሉን በቁራጭ በቁራጭ እሳት ላይ እያሳለፍኩ ስሰጣት «ለምን ታቃጥይዋለሽ?» አለችኝ። የእናቴን ቃል በዐረብኛ መለስኩላት። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ 26 ታማሌ ጠቀለልን። ስንጨርስ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ» አልኳት። በዚያች ማታ ውሸት አልነበረም።

ጥቂት ቅጠል ተረፈ። ማዳምን «ልውሰደው?» አልኳት፤ «ውሰጂው» አለችኝ። አስፈቅጄ መያዜ ጥሩ ነው። የተረፈ ቅጠልም ቢሆን ከሰው ቤት ሲወጣ በቃል ይወጣ።

ጁምዓ በመንሱራ

መንሱራ በደቡብ ሪያድ ነው፤ ከመንፉሓ ጎን። በዚያ ሰፈር ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት የከሚሴ እናት አሉ። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ዕረፍት ያለን ጁምዓ ጁምዓ እሳቸው ቤት ቡና እንጠጣለን። የዚያን ቀን አምስት ነበርን፤ አንዷ ከጅማ፣ አንዷ ከጉራጌ፣ ሁለቱ የወሎ ልጆች፣ እኔ ከጎጃም።

ቅጠሉን ከላስቲክ ሳወጣው ክፍሉ ጸጥ አለ። የጉራጌዋ ልጅ አንሥታ አሸተተችው። «የኛ ቤት ቆጮ በዚህ ነው የሚጋገረው» አለች። የጅማዋ «በኛ ሠርግ ዳቦው» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። የሙዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዘመድ ዘመዱን ያስታውሳል።

ሁለት ዳቦ ለመጋገር ተነሣን። የመጀመሪያው ጠፋብኝ። ከበረዶ የወጣው ቅጠል ሲለሰልስ አይቼ «ይበቃዋል» አልኩና ትልቁን ሳልለበልብ ድስቱ ላይ አነጠፍኩት። በመሐል በጅማቱ ተሰነጠቀ። ሊጡ ወርዶ ከብረቱ ጋር ተያያዘ፣ ሥሩም አረረ። ክፍሉ በጭስ ተሞላ። እኔ ልቅሶ ቀረሽ ሆንኩ።

«አብሽሪ!» አሉ እትዬ መስኮቱን እየከፈቱ። «ቅጠሉ ነው ያልተለበለበው። ማን አለብሽ አለና ነው የምትቸኩይው? ጁምዓ እኮ ነው።»

እንዲያውም እናቴ አስጠንቅቃኝ ነበር። ጽፌዋለሁ፤ ወረቀቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ግን በጽሑፍ መያዝና በእጅ ማወቅ ይለያያል። ሁለተኛውን እትዬ ራሳቸው ቆመው ለበለቡልኝ። እያንዳንዱን ቅጠል በምድጃው እሳት ላይ ቀስ ብለው ሲያሳልፉት አረንጓዴው ጠቆር እያለ ወዝ ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ በ19 ዓመቴ ቆሜ ያላየሁትን አየሁ።

ሁለተኛው ዳቦ ወጣ። ቅጠሉን ስንገልጠው የቅጠሉ መስመር በዳቦው ገላ ላይ ታትሟል። ቆርሰን በላን፤ ቡናውም ደረሰ።

አሠራሩ

እናቴ በእጇ የምታውቀውን እኔ በመለኪያ ጻፍኩት። ኩባያ የምለው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን መለኪያ ነው።

*ቅጠሉን ማሰናዳት።* በበረዶ የደረቀ ከሆነ ሌሊቱን ከፍሪዘር አውጥተሽ አሳድሪው። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ጎን ጥረጊው። የመሐሉን ወፍራም አከርካሪ በቢላ አንሺው። ከዚያ በምድጃ እሳት ላይ ቀስ እያልሽ አሳልፊው፤ ቀለሙ እስኪጠቁርና ወዝ እስኪያወጣ። የቤቱ ምድጃ የኤሌክትሪክ ከሆነ በደረቅ የጋለ መጥበሻ ላይ እያነጠፍሽ አድርጊው። የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ሊጡ ይሁን።

*የበቆሎ እሸት ዳቦ።* ስድስት ያህል እሸት በቆሎ ከነቅጠሉ ግዢ። ቅጠሉ እንዳይቀደድ ከሥሩ ዙሪያውን በቢላ ቆርጠሽ አንድ በአንድ አውልቂው፤ ሰፋፊውን ለመጠቅለያ አስቀምጪ። ፍሬውን ፈልፍለሽ 4 ኩባያ ሲሆን በመፍጫ ፍጪው፤ ውሃ አትጨምሪ። እዚህ ገበያ ያለው በቆሎ ብዙውን ጊዜ ጣፋጩ ዓይነት ነው፤ ከአገራችን እሸት ይልቅ ውሃ ይበዛዋል። ስለዚህ ከ1 ኩባያ ተኩል እስከ 2 ኩባያ ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ጨምሪበት። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ግቢበት። 15 ደቂቃ ይረፍ። ሁለት ቅጠል ደራርበሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊጥ መሐሉ ላይ አድርጊ፤ ጎንና ጎኑን አጥፊ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሺ፣ በቀጭን የቅጠል ገመድ እሰሪው። በእንፋሎት 50 ደቂቃ ያህል ይብሰል። የእናቴን ጣዕም ከፈለግሽ ሲወጣ በደረቅ ምጣድ ላይ አገላብጪው፤ ቅጠሉ ቀላ ሲል ሽታው ይመጣል።

*ድፎ ዳቦ በሙዝ ቅጠል።* አገር ቤት ድፎ ከሥርም ከላይም እሳት ይነድበታል። የቤት ኦቨን ይህን ይተካል። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ኮረሪማ ከሌለ ከዐረብ ሱቅ ሄል ይሆናል። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 3 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ ጨምረሽ አሽው። ሊጡ ከተራ ዳቦ ላላ ይበል። እጥፍ እስኪሆን ይኩፍ፤ በሪያድ በጋ 40 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጋገሪያ ላይ የተለበለበውን ቅጠል ጫፉ ወደ ውጭ እንዲተርፍ ደራርበሽ አንጥፊ። ሊጡን ገልብጪበት፤ የተረፈውን ቅጠል እጠፊበት፤ ሌላ ቅጠል ከላይ አልብሺና ክደኚው። ሩብ ሰዓት አቆይተሽ በ180 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ጋግሪ። ቢላ ስትወጊው ንጹሕ ከወጣ በስሏል። በጨርቅ ጠቅልለሽ አቀዝቅዢው፤ ትኩሱን አትቁረጪ።

*ታማሌ።* 1 ኩባያ ቅቤና የአትክልት ስብ ነጭ እስኪሆን ምቺ። 4 ኩባያ በኖራ የተዘጋጀ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከ3 እስከ 3 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ የዶሮ መረቅ ጨምረሽ አሽው። ተራ የበቆሎ ዱቄት አይያያዝም። የግንባታ ኖራ ደግሞ ከምግብ ጋር ፈጽሞ አይነካካ። ሊጡ መድረሱን ለማወቅ ጥቂት ቆንጥረሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣይው፤ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ከሰጠመ ደግመሽ ምቺው። ቅጠሉ ላይ በስሱ ቀቢ፤ በቲማቲምና በቃሪያ ወፈር ብሎ የበሰለ የተፈተፈተ ዶሮ መሐሉ ላይ አድርጊና ጠቅልይ። በእንፋሎት ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ይፈልጋል። ቅጠሉ ሳይጣበቅ ከተላቀቀ በስሏል። ያደረ እንደሆነ ቶሎ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ሲበላ ሩብ ሰዓት በእንፋሎት ይሙቅ።

የእንፋሎት ድስት ከሌለሽ በትልቅ ድስት ላይ የብረት ማጥለያ አስቀምጪና በደንብ ክደኚ። አንድ የሜክሲኮ ሴቶች ብልሃት ልንገርሽ። ድስቱ ሥር ውሃው ውስጥ የታጠበ ሳንቲም ይጥላሉ። ውሃው ሲፈላ ሳንቲሙ ይንኳኳል። ድምፁ ከጠፋ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ልጅ እያየሽ፣ ልብስ እየተኮስሽ ለምታበስይ ለአንቺ ትልቅ እገዛ ነው። ውሃ ስትጨምሪ የፈላ ውሃ ይሁን።

ሦስት ነገር ልብ በይ

የምትሠሪበት ቤት ማድ ቤት ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪ። ቅጠል ሲለበለብ ይሸታል፣ ጥቂት ይጨሳል። ሳይነገራቸው ሲሸታቸው ይደነግጣሉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ሊጮህ ይችላል።

እሳት ላይ ቅጠል ስታሳልፊ ሻሽሽን ወደ ኋላ እሰሪ፤ ሰፊ እጅጌ ሰብስቢ። ልጅ አጠገብሽ አይኑር።

ዳቦው ሲያምር «ሽጪልን» የሚልሽ አይጠፋም። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ለራስ ሥራ መሥራት በደንቡ ክልክል ነው። ለጥቂት ሪያል ብለሽ ኢቃማሽን አደጋ ላይ አትጣይ። ብይው፣ አብይው፤ ሙያው ግን አገርሽ ስትገቢ የሚያገለግልሽ ነው።

ከእናቴ የመጣ መልስ

ማታ ወደ ሥራ ቤቴ ስመለስ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ታማሌ በሳህን ተከድኖ ቆይቶኛል። ልጅቷ ናት ያስቀረችልኝ። «ጓደኞቼ እናትሽን አመስግኚልን ብለዋል» አለችኝ።

የሁለተኛውን ዳቦ ፎቶ በወንድሜ ስልክ ለእናቴ ላክሁላት። ቀርባ አይታ፣ አርቃ አይታ፣ ይመስለኛል፤ መልሱ ሲቆይ ጊዜ ልቤ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ድምፅ ላከች።

«አምሯል ልጄ። ሥሩ ግን ጠቁሯል። እሳቱን ቀንሺ።»

በወረቀቱ ግርጌ ጻፍኩት። በሚመጣው ጁምዓ 170 ላይ አደርገዋለሁ።